ተደጋግሞ ካልተጨበጠ የማይዝ ፍሬን

ሞተር ብስክሌት የወንድ ብቻ መጓጓዣ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። በገጠር የሚሠሩ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ከወረዳ ከተማ ወደ ቀበሌ ሲወርዱ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሙት በሞተር ነው፤ ከመካከላቸውም እኅቶች አሉበት። ራሷ ባትነዳ እንኳ ባሏን፣ ወንድሟን ወይም ልጇን በየማለዳው በሞተር ላይ የምትሸኝ እናት ጥቂት አይደለችም። ስለዚህ የሞተር ፍሬን ነገር ለመካኒክ ብቻ የሚተው ሳይሆን፣ እንደ ማእድ ቤት እሳትና እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ሁሉ የቤተሰብ ደኅንነት ጉዳይ ነው።

ይህን በይበልጥ ከሚያረጋግጡ አካባቢዎች አንዱ የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል ነው። ከወረታ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጉናን ተራራ ተጠግቶ አልፎ ወደ ላይ ጋይንቷ ንፋስ መውጫ ይደርሳል። ወደ ታች ጋይንቷ አርብ ገበያና ወደ ስማዳዋ ወገዳ የሚሄድ ሰው ከደጋው እየራቀ ይወርዳል፤ የስማዳ ቆላማ ቀበሌዎችማ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ ድረስ ያዘቀዝቃሉ። ከጉና በስተደቡብ ያለው እስቴም ቢሆን አቀበትና ቁልቁለት የሚፈራረቁበት አገር ነው። በነዚህ ወረዳዎች የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ፣ ሥራውን ለመከታተል ቀበሌ ለቀበሌ መዞር የዘወትር ተግባር ሆኗል። በእንዲህ ያለ አገር ፍሬን የሚፈተነው ሲወርዱ ነው።

አንዳንድ አሽከርካሪዎች የፊት ፍሬናቸው ሲላላ «የኋላው ይበቃኛል» ይላሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ሞተር ፍጥነቱን ሲቀንስ ክብደቱ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ የኋላው ጎማ ይቀልላል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይህ ይብሳል። የቀለለ ጎማ አጥብቀው ቢይዙት በጠጠር ላይ ይንሸራተታል እንጂ ሞተሩን ቶሎ አያቆምም። ዋናው የማቆም ኃይል ያለው በፊተኛው ፍሬን ነው።

የአንዳንድ አሮጌ ሞተሮች የፊት ፍሬን በሽቦ የሚሳብ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን የሚመለከተው በዘይት የሚሠራውንና ዲስክ ያለውን ነው። በዚህ ዓይነቱ ሞተር መሪ ላይ፣ በቀኝ እጅ በኩል፣ ትንሽ የዘይት ዕቃ የተሸከመ ክፍል ይታያል። ይህ በመካኒኮች ዘንድ ማስተር ሲሊንደር ይባላል። አሠራሩን ለመረዳት የክትባት መርፌን ማሰብ ይበቃል። የመርፌው ገፊ ሲጫኑት መድኃኒቱን ወደ ፊት ይገፋል። እዚህም የፍሬኑ እጀታ ሲጨበጥ ፒስተኑ የፍሬኑን ዘይት በቱቦው ውስጥ ይገፋል፤ ዘይቱም ታች ያሉትን የፍሬን ሸራዎች ከዲስኩ ጋር ያጣብቃል። በመርፌው ገፊ ጫፍ ላይ ያለው ጎማ ካለቀ መድኃኒቱ ወደ ኋላ እንደሚያመልጥ ሁሉ፣ የፒስተኑ ጎሚኒ ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ኋላ ያመልጣል። እጀታው ይጨበጣል፤ ፍሬኑ ግን አይዝም።

ምልክቶቹን ማንም ሰው በግቢው ውስጥ ሊያያቸው ይችላል። ሞተሩ ቆሞ እጀታውን አጥብቆ መያዝና ግማሽ ደቂቃ ያህል አለመልቀቅ ነው። እጀታው ባለበት ከጸና መልካም፤ ቀስ በቀስ ወደ መሪው እየሰመጠ ከሄደና በውጭ የሚታይ መፍሰስ ከሌለ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ማስተር ሲሊንደሩ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተጨበጠ የማይዝ ፍሬንም እንዲሁ አደገኛ ነው። የዚህኛው መንሥኤ በቱቦው ውስጥ የገባ አየርም ሊሆን ስለሚችል መካኒክ ሁለቱንም መመርመር አለበት። በእጀታው ሥር እርጥበት ወይም የተላጠ ቀለም ከታየ ዘይቱ በዚያ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ጥያቄው ጎሚኒውን ብቻ እንለውጥ ወይስ ማስተር ሲሊንደሩን በሙሉ የሚለው ነው። ውስጡ ተፈትቶ ሲታይ ለስላሳና ያልተጫረ ከሆነ ፒስተኑን፣ ሞላውንና ጎሚኒውን ማደስ ይበቃል። በዝገት ከተበላ ወይም ከተጫረ ግን አዲሱ ጎሚኒ ብዙም ሳይቆይ ስለሚበላ፣ ሙሉውን መለወጥ ይሻላል። በየጽሕፈት ቤቱ ግቢ ለብዙ ጊዜ በቆሙ አሮጌ ሞተሮች ላይ ይህ ሊያጋጥም ይችላል፤ የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ስለሚስብ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ ባለቤቲቱ «ውስጡን አሳየኝ» ብትል መብቷ ነው።

መለዋወጫ ሲገዛ በመልክ መመሳሰሉ አይበቃም። የውስጡ ስፋት ከአሮጌው ጋር እኩል መሆን አለበት። ይህ ልክ ብዙውን ጊዜ በአካሉ ላይ በቁጥር ይጻፋል። ሰፊው ከተገጠመ እጀታው ይደነድናል፤ ለመያዝም የበለጠ የእጅ ጉልበት ይጠይቃል። ጠባቡ ከሆነ ደግሞ እጀታው መሪውን እስኪነካ ሊሄድ ይችላል። አሮጌውን ፈትቶ ይዞ ወደ ገበያ መሄድ ከስሕተት ያድናል።

ሥራው ሲከናወን ልንከታተላቸው የሚገቡ ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው። የፍሬን ዘይት ቀለም ስለሚልጥ ታንከሩ በጨርቅ ይሸፈን፤ የፈሰሰው ቶሎ በውኃ ይታጠብ። ቱቦውን ከማስተር ሲሊንደሩ ጋር በሚያያይዘው ብሎን ግራና ቀኝ የሚገቡት ሁለት ሮንዴላዎች አዲስ ይሁኑ፤ አሮጌዎቹ አንድ ጊዜ ስለተጨፈለቁ ሊያፈስሱ ይችላሉ። የሚጨመረው ዘይት በክዳኑ ላይ የተጻፈው ዓይነት፣ ለምሳሌ ዶት 3 ወይም ዶት 4፣ ሆኖ ካልተከፈተ ጠርሙስ ይቀዳ። የሞተር ዘይት ከቶ አይጨመርበት፤ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል።

ከዚያ በኋላ አየር ማስወጣት ይከተላል። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ እጀታውን ቀስ ብሎ ጨብጦ ይይዛል፤ ሌላው ታች ያለውን የአየር ማስወጫ ቪቴ ጥቂት ይከፍታል፤ አየርና ዘይት ሲወጣ እጀታው ሳይለቀቅ ቪቴው ይዘጋል። አረፋው እስኪጠፋ ድረስ ይህ ይደጋገማል፤ ላይኛው ዕቃም ከዘይት ባዶ እንዳይሆን ይጠበቃል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ ጥቂት አየር ከቀረ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። በመጨረሻ ዲስኩና ሸራው ዘይት እንዳልነካቸው ታይቶ፣ በሜዳ ላይ በእግር ፍጥነት ይሞከራል። ሳይሞከር ቁልቁለት አይወረድም።

ዘይቱንም በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ይገባል። አዲስ ዶት 4 ዘይት የሚፈላው ቢያንስ በ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ወደ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት የጋለ ፍሬን ዘይቱን ካፈላው በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እጀታውም በድንገት ባዶ ይሆናል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚያሳስበን አንድ ነገር አለ። የመሥሪያ ቤት ሞተር የተሰጣት ሠራተኛ ፍሬኑ እንደማይዝ ስትናገር «በጀት እስኪመጣ ለጊዜው ተጠቀሚበት» ትባል ይሆናል። ቁልቁለት ግን በጀት አይጠብቅም። እኅታችን ጉድለቱን በጽሑፍ አድርጋ ለኃላፊዋ ታቅርብ፤ የተቀበለውን ክፍል ፊርማም ታስቀር። ኃላፊውም ቢሆን እንዲህ ያለውን ሞተር አቁሞ ሌላ መላ መፈለግ ግዴታው ነው። የሴቷ እምቢታ ፍርሃት ተብሎ መተርጎም የለበትም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው የሚወስደው ጥንቃቄ ነውና።

ሞተሩ የቤተሰብ ንብረት ሲሆንም እንዲሁ ነው። የወሩ ወጪ በሚደለደልበት ምሽት የፍሬኑ ጥገና ከአዲስ ልብስና ከድግስ ይቅደም። ነገ ማለዳ ባለሞተሩን ከመሸኘትዎ በፊት እጀታውን ጨብጠው ይፈትሹት፤ ከሰመጠ ያ ቀን የጋራዥ ቀን ይሁን። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።