አበሉ በወረቀት፣ ኪራዩ በጥሬ ብር!

ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ በሬ ተንኳኳ። አከራዬ ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ከመጪው ወር ጀምሮ 3,500 ነው። ካልሆነልህ ሌላ ሰው ጠይቆኛል» አሉኝ። በ2,200 ብር ከገባሁ ገና ስምንት ወሬ ነው። «ምነው አዴ፣ ቤቱ ላይ ምን ተጨመረ?» ብላቸው፣ «ቤቱ ላይማ ምን ይጨመራል! ጤፉ ነው የጨመረው፣ ዘይቱ ነው የጨመረው» ብለው ሄዱ።

እውነታቸውን ነው። ባል የሞተባቸው፣ ከሦስት ክፍል ኪራይ ሌላ ገቢ የሌላቸው ሴት ናቸው። ጠቤ ከሳቸው ጋር አይደለም።

መስከረም 2018 ላይ የመንግሥት ሠራተኛው ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ አለ ተብሎ በሬዲዮ ተለፈፈ። አከራዮችም ሬዲዮ አላቸው! ጭማሪው 1,240 ብር፣ የኔ የኪራይ ጭማሪ 1,300 ብር። እኔ ደግሞ ጭራሽ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለሁም፤ በጻፍኩት ልክ የምበላ ሰው ነኝ። ደመወዙን ሳላየው የደመወዙን ዕዳ እከፍላለሁ ማለት ነው።

ደመወዝተኛዋስ? ግድግዳ የምጋራት መምህርት አለች። የቤት አበል አላት፤ ደብዳቤውን አሳይታኛለች፣ ማኅተሙ ያምራል። ገንዘቡ ግን ከኪራይዋ ሩቡን አይሸፍንም። እሱም ሦስት ወር ተጠራቅሞ ነው የሚመጣው። መሥሪያ ቤቷን ስትጠይቅ «በጀት አልተለቀቀም» ይሏታል። አዴ ደግሞ በጀት እስኪለቀቅ አይጠብቁም። ከወዲያ ማዶ ያለችውን አንዷን ክፍል ባቱ አበባ እርሻ የሚሠሩ አራት ልጃገረዶች ተከራይተዋታል፤ ሁለቱ ሲገቡ ሁለቱ ይወጣሉ፣ ፍራሹ አይበርድም። ለነሱ አበል የሚባል ቃል እንኳን አልተነገራቸውም።

ኧረ ለመሆኑ ሕግ የለም ወይ? አለ እንጂ! መጋቢት 2016 ላይ ምክር ቤቱ ያጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አይነስ፣ በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ ከሚያወጣው ጣሪያ አይለፍ ይላል። ይህን ይዤ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «ወንድሜ፣ ይሄ የአዲስ አበባ ነው» አለኝ።

ልጁ አልዋሸም። አዋጁ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን በስማቸው ይጠራል፤ ሌላውን ከተማ ክልሉ ሲወስን ይላል። እንግዲህ አዳሚ ቱሉ ላይ የሚያድር ሰው ጣራው የሚያፈሰው ክልሉ ሲወስን ነው? የአዲስ አበባ ተከራይ ሆድ አለው፣ የኛ የለውም?

«ኪራይ ከተቆረጠ ቤት የሚሠራ ይጠፋል» የሚሉ አዋቂዎች አሉ። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ትርፍ ቤት ሲወርስ ኪራይ ቀነሰ፤ ከመቶ ብር በታች የሚከራየውን ለቀበሌ አስረከበ፤ የቀበሌ ቤቶቹም ጠጋኝ አጥተው ጎበጡ። ይህን አልክድም። ግን ዛሬ ማን ነው ቤት እንዳይሠራ የከለከለው? ቦታው የመንግሥት፣ ሊዙ የመንግሥት፣ ፈቃዱ የመንግሥት! ቦታውን ቆልፎ ይዞ ስለ ነጻ ገበያ ማውራት ምን የሚሉት ቀልድ ነው?

ለራሳቸው ሲሆን ግን ሕጉ አይንተባተብም። አዋጅ ቁጥር 653/2001ን አንብቡት። ከሥልጣን የወረደ ፕሬዚዳንትና ጠቅላይ ሚኒስትር መኖሪያ ቤት እንዲሰጠው ይደነግጋል። እዚያ ላይ «ክልሉ ሲወስን» የሚል የለም። ይሰጣቸው፣ አልመቀኝም። ሥራ ላይ ያለችው መምህርት ግን ከጡረተኛ ሹም ታንሳለች?

መምህርቷ በዚህ ሳምንት ዕቃዋን ወደ ቡልቡላ ልታሻግር ነው፤ እዚያ ይረክሳል ብለዋታል። ጠዋትና ማታ በሚኒባስ ልትመላለስ ነው። «እንግዲህ የትራንስፖርት አበል ጠይቂያቸዋ» አልኳት። እየሳቀች ፍራሿን ጠቀለለች።