መርፌው ተወግቷል፤ ልጁ ግን አልታየም

ባለፈው ሰሞን ከታናሽ እህቴ ጋር ኢምፔሪያል ታክሲ እየጠበቅን ነበር። እህቴ የአራት ዓመት ልጇን አዝላዋለች። አጠገባችን የቆሙ አንዲት እናት አይተው አይተው አላስቻላቸውም፤ «የኔ ልጅ፣ ይኼን የሚያህል ልጅ ታዝያለሽ? አውርጂው ይሂድ እንጂ!» አሏት። እህቴ ፈገግ ብላ ዝም አለች። ዝም ያለችው መልሱ ረጅም ስለሆነ ነው፤ ታክሲ ተራ ላይ አያልቅም። ዛሬ በእሷ ቦታ እኔ ልመልስ።

ከሕፃን እጅ እንጀምር። ሕፃን ባዶ እጁን አይወለድም። መዳፉ ላይ ጣትዎን ቢያኖሩ ጭብጥ ያደርጋል። ጉንጩን ቢነኩት ጡት ፍለጋ አፉን ወደዚያ ያዞራል። ብብቱን ይዘው እግሩን ጠረጴዛ ቢያስረግጡት የሚራመድ ይመስላል። ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን ሲያዞር በዚያ በኩል ያለው እጁ ይዘረጋል፣ ሌላው ይታጠፋል፤ ቀስት የሚስብ ሰው ይመስላል። በር ጓ ሲል ወይም ጭንቅላቱ ድንገት ወደ ኋላ ሲል ደግሞ ሁለት እጆቹን ይበትንና መልሶ ይሰበስባል፣ ከዚያ ያለቅሳል። እናቴ ይኼን ስታይ «በስመ አብ!» ብላ ታማትባለች፤ ከትራሱ ሥር ብረት የምታኖርም አራስ ጠያቂ አትጠፋም።

ሐኪሞች እነዚህን እንቅስቃሴዎች ሪፍሌክስ ይሏቸዋል። ሲደነግጥ እጁን የሚበትነው «ሞሮ» ይባላል፤ በ1918 እ.ኤ.አ. የጻፈበት የኦስትሪያ ተወላጅ የሕፃናት ሐኪም ኤርንስት ሞሮ ነው። እነዚህ እንቅስቃሴዎች የሚታዘዙት ከታችኛው የአንጎል ክፍልና ከኅብለ ሰረሰር ነው። ሕፃኑ አስቦ አያደርጋቸውም። ላይኛው የአንጎል ክፍል እየበሰለ ሲመጣ ሥልጣኑን ይረከባል፣ የታችኞቹም አንድ በአንድ ይከስማሉ። የእርምጃው በሁለት ወር ገደማ ይጠፋል። ጡት ፍለጋው በአራት ወር ግድም፣ ሞሮ ከአራት እስከ ስድስት ወር፣ የመዳፍ ጭበጣው በአምስትና በስድስት ወር፣ ቀስት የመሳቡም በስድስት ወር ገደማ ይከስማል። ከስምንትና ዘጠኝ ወር ጀምሮ ደግሞ አንድ አዲስ ይመጣል፦ ሕፃኑን በደረቱ ይዘው ወደ ፊት ሲያዘነብሉት መሬቱን ለመቀበል እጆቹን ይዘረጋል። ይኼኛው ዕድሜ ልክ አብሮን ይኖራል። ክረምት ላይ ጭቃ ሲያንሸራትተን ከፊታችን ቀድመው መሬት የሚነኩት እጆቻችን ለዚህ ነው።

እንግዲህ ሰዓቱ ይኼ ነው። የሚሄደው በጊዜው ካልሄደ፣ የሚመጣው በጊዜው ካልመጣ፣ ወይም አንዱ እጅ ሲበተን ሌላው ዝም ካለ፣ ሰውነቱ እየተናገረ ነው ማለት ነው። የአንድ ወገን ዝምታ በወሊድ ጊዜ የተጎዳ የትከሻ ነርቭ ወይም የተሰበረ አጥንት ሊሆን ይችላል። በዘጠኝ ወሩ አሁንም እጁን የሚበትን ልጅ አንጎሉ መመርመር አለበት። አንድ ምልክት ብቻውን በሽታ ነው እያልኩ አይደለም፤ «እስቲ በደንብ እንየው» የሚያሰኝ ግን ነው።

የእህቴ ልጅ ረጅም ምጥ ተምጦ ነው የተወለደው፤ ቶሎም አላለቀሰም። በስድስት ሳምንቱ፣ በአሥር ሳምንቱ፣ በአሥራ አራት ሳምንቱ ተከተበ። በዘጠኝ ወሩ ለኩፍኝ ወሰደችው። ስሙን የማልጠራው ጤና ጣቢያ ውስጥ ተመዘነ፣ ተወጋ፣ ካርዱ ተሞላ። እህቴ «አሁንም ይደነብራል፤ ቀኝ እጁንም ጨብጦ አይከፍተውም» አለች። መልሱ «አይዞሽ የኔ እህት፣ ወንድ ልጅ ይዘገያል» የሚል ነበር። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ቀጣይ! ሴሬብራል ፓልሲ መሆኑን የሰማነው ልጁ ዓመት ከስምንት ወር ከሆነው በኋላ ነው።

ይህ ችግር ገና በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። ጉዳቱ አይመለስም። የመጀመሪያዎቹ ወራት ግን አንጎል መንገድ የሚቀይስባቸው ወራት ናቸው። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ግምገማ እንዳሳየው፣ በትክክለኛ ምርመራ ብዙዎቹን ከስድስት ወር በፊት መለየት ይቻላል። እኛ ያን ወቅት በ«ይዘገያል» አሳለፍነው። ቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ዛሬ ይሮጥ ነበር ብዬ አልዋሽም። ያን ሁሉ ወር ግን ቀኝ እጁን የሚያሠራው ሰው ያገኝ ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ። ዘግይታ የሰማች እናት ምን ታደርጋለች? ያገኘችውን በር ሁሉ ታንኳኳለች። አንዱ በር እዚሁ ቦሌ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። «የልጁ ሪፍሌክሶች አልተዋሃዱም፤ በልዩ እንቅስቃሴ እናዋህዳቸዋለን። ለኦቲዝምም፣ ለትምህርት ድክመትም፣ ለቅብጥብጥነትም ይሠራል» ተባለች። የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ ነው። እህቴ የወርቅ ሐብሏን አውጥታ ነበር።

ፍትሐዊ ልሁን። ሐሳቡ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ የቤልፋስት ሙከራ፣ ማንበብ የሚከብዳቸው 60 ልጆች ላይ የሪፍሌክስ እንቅስቃሴ መሻሻል እንዳመጣ አሳይቷል። ነገር ግን 60 ልጅ 60 ልጅ ነው። ከዚያ ተነስቶ «ኦቲዝምን ይፈውሳል» እስከማለት መድረስ ሌላ ነገር ነው፤ ለዚያ የሚበቃ ማስረጃ የለም። «ሪፍሌክሱን አጥፋው፣ ልጁ ይድናል» የሚለው ስሌትም ቀላል አይደለም። ኤስተር ቴለን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ፣ መራመዱን የቀነሱ ሕፃናት እግራቸው ውኃ ውስጥ ሲገባ እንደገና ብዙ እርምጃ አሳይተዋል። እግራቸው ስለወፈረና ስለከበዳቸው እንጂ እርምጃው አልጠፋም ነበር። ጉዳዩ የሚያጠፉትና የሚያበሩት አምፖል አይደለም።

የኔ ነጥብ እንግዲህ ይኼ ነው፦ ጤና ጣቢያ በነፃ ያላየነውን ልጅ፣ ከዓመታት በኋላ ፎቅ ላይ በውድ ዋጋ እናሳየዋለን። ሁለቱ ችግሮች አንድ ናቸው። መንግሥት ባዶ የተወውን ወንበር ነጋዴ ይቀመጥበታል። ነጋዴ ባይቀመጥበት ደግሞ እናት ራሷ ትቀመጥበታለች። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት የራሳቸውን ልጅ የሚቀበል ቦታ ስላጡ ነበር። እንዲህ ዓይነት እናት ግን በየቀበሌው አትገኝም።

«ነርሷ ሥራ በዝቶባታል» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ በሷ አልፈርድም። ግን አስቡት፦ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከመቶ ጨቅላዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በባለሙያ የታዩት 13ቱ ብቻ ነበሩ። ለብዙ እናቶች ልጃቸውን ለባለሙያ የሚያሳዩበት ዋናው በር የክትባት ቀጠሮ ነው። ታሞ ሳይሆን ጤነኛ ሆኖ የሚመጣበት ቀን ይኼ ነው። አዲስ አበባ ልጅ ለማሳደግ ከአፍሪካ ምርጥ ከተማ ትሆናለች እየተባልን ነው። ደስ ይለናል። መጫወቻ ሜዳም ይሠራ። ግን የዘጠኝ ወሩ መርፌ ላይ ሁለት ደቂቃ ይጨመር።

በሁለት ደቂቃ ምን ይታያል? በአሥራ አራት ሳምንቱ፦ ሁለቱም እጆች እኩል ይንቀሳቀሳሉ? ጭብጡ ይፈታል? በዓይኑ ሰው ይከተላል? በዘጠኝ ወሩ፦ ድንበራው ጠፍቷል? ያለ ድጋፍ ይቀመጣል? ወደ ፊት ሲያዘነብሉት ሁለት እጁን ይዘረጋል? መሣሪያ አያስፈልግም፤ የውጭ ምንዛሪም አይጠይቅም። የሚያስፈልገው ካርዱ ላይ አንድ መስመር፣ ለነርሷ አጭር ሥልጠና፣ «አጠራጣሪ ነው» የተባለው ልጅ የሚላክበት የታወቀ ቦታ ነው። መመሪያው ወረቀት ላይ ሊኖር ይችላል፤ እኔ የምጠይቀው የምርመራ አልጋው ላይ ስለሚደረገው ነው።

እናቶችም ሆይ፣ ልጁን ጥላችሁ አትሞክሩ፤ ምርመራው የባለሙያ ነው። ግን ያያችሁትን ተናገሩ፤ «ይዘገያል» ከተባላችሁም «እስከ ስንት ወር?» ብላችሁ ጠይቁ። በስልካችሁ ቪዲዮ ቀርጻችሁ አሳዩ። በቅድሚያ ክፈሉ የሚላችሁን ሁሉ ደግሞ «በምን ታውቆ?» በሉት።

እህቴ ሐብሏን መልሳ አጠለቀች። አሁን ልጁን በሳምንት ሁለቴ ፊዚዮቴራፒ ታመላልሰዋለች። ቀኝ እጁ ማንኪያ መያዝ ጀምሯል፤ ግማሹን ሾርባ ልብሱ ይጠጣዋል፣ ግማሹን እሱ። ኢምፔሪያል ላይ ለጠየቁን እናት መልሱ ይኼ ነው፦ እማማ፣ ያዘለችው አሞላቃው አይደለም። እሱ በዘጠኝ ወሩ ነግሮን ነበር፤ ያልሰማነው እኛ ነን።