ንፋስ ስልክና ብቻውን የሚጫወት ልጅ

በአዲስ አበባ ከተማ በደቡብ በኩል ያለው ንፋስ ስልክ የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከአንድ መሣሪያ ነው፤ ይኸውም ከኢጣልያ ወረራ አስቀድሞ በዚያ አካባቢ የቆመው ያለ ሽቦ የሚሠራው የሬዲዮ ጣቢያ ነው። የዘመኑ ሰው ወሬ በምሰሶና በሽቦ ሲኼድ አይቶ ለምዶ ነበርና፥ ምሰሶም ሽቦም ሳይኖር ቃል ባሕር ተሻግሮ መኼዱን በሰማ ጊዜ መሣሪያውን የንፋስ ስልክ አለው። ስሙም ከመሣሪያው ዐልፎ ለሰፈሩ፥ ከሰፈሩም ዐልፎ ዛሬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ለሚባለው ክፍለ ከተማ ኾነ። ያን ጊዜ በአንድ ጣቢያ ብቻ የነበረው የንፋስ ስልክ ዛሬ ከአባትም ከእናትም ከልጅም እጅ ገብቷል። በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችንም ስለዚሁ መሣሪያና ስለ ልጆቻችን ጨዋታ ጥቂት እንድንናገር አንባቢዎቻችን ይፍቀዱልን።

አዲስ መሣሪያ በመጣ ቍጥር ሰው መደንገጡ የቈየ ልማድ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስልክ ወደ ቤተ መንግሥት በገባ ጊዜ፥ በሽቦ ውስጥ የሚናገረው ሰይጣን ነው ያሉ ካህናት ነበሩ ተብሎ ይነገራል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን አላስወጡትም። ከብዙ ዘመን በኋላም ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም.፥ ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገቡ የተጠራጠራቸው ሰው አልጠፋም፤ ዛሬ ግን ያለ እነርሱ ደመወዝ የሚቀበል፥ ጉዳይ የሚያስፈጽም፥ ውጭ አገር ካለ ዘመዱ ጋራ የሚነጋገር ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ መሣሪያውን ለመርገም አልተነሣንም። የምንለው ነገር ሌላ ነው፤ ይኸውም ወላጆች ከመሣሪያዎቹ መካከል የሚጠሉትና የሚወዱት ተገላብጦባቸዋል የሚል ነው።

በጀሞ፥ በለቡ፥ በጎፋና በመካኒሳ የሚኖሩ ወላጆች ሲገናኙ በምሬት ከሚያነሡት ነገር አንዱ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚሉት ነው። ይህን ቤት ገብተው ላላዩት አንባቢዎቻችን እንግለጸው። ብዙውን ጊዜ በመንገድ ዳር ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። በውስጧ ጥቂት ቴሌቪዥኖች፥ በፊታቸውም አግዳሚ ወንበሮች አሉ። ኹለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ጆይስቲክ የሚሉትን መዘውር ይዘው በመስኮቱ ላይ የእግር ኳስ ይጫወታሉ። መሣሪያው በጃፓን አገር ሶኒ የተባለው ኩባንያ በ1994 እ.ኤ.አ. መሸጥ የዠመረው ሲኾን፥ ከኹሉ ይልቅ የሚወደደው ጨዋታ ፊፋ ይባል የነበረውና ከ2023 እ.ኤ.አ. ዠምሮ ስሙ ወደ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ የተለወጠው ነው። ሒሳቡ በጨዋታ ቍጥር ይከፈላል። የተሸነፈው ልጅ ወንበሩን ለተራ ጠባቂ ይለቃል፤ ያሸነፈው ይቀጥላል። ተራውን የሚጠብቀውም ዝም ብሎ አይቈምም፤ ይመክራል፥ ይሥቃል፥ ይፈርዳል።

ወላጆች በዚህ ቤት ላይ የሚያቀርቡት ክስ ከንቱ አይደለም። ልጅ ከትምህርት ሰዓቱ ሰርቆ ይገባበታል፤ ለዳቦ የተሰጠውን ገንዘብ ይከፍልበታል፤ አንዳንዱም ቤት በውርርድ ገንዘብ የሚያስይዝ፥ ትንሹን ልጅ ከትልቁ ጐረምሳ ጋራ የሚቀላቅል፥ አየር የማይገባበት ነው። እንዲህ ያለውን ሥርዐት ማስያዝ የወላጅም የሰፈር ሽማግሌም የአስተዳደርም ግዴታ ነው። ዳሩ ግን ልጁ ወደዚያ የሚኼድበትን ምክንያት ሳይመረምሩ ልጁን ብቻ መቅጣት ነገርን ከሥሩ አለማየት ነው። በኮንዶሚኒየም ሕንጻ የሚኖር ልጅ ግቢው መኪና ማቆሚያ፥ ደረጃው መተላለፊያ ነው፤ ኳስ ቢመታ መስታወት ሰበርህ ይባላል፥ ቢጮኽ ጎረቤት ረበሽህ ይባላል። ስለዚህ ጓደኛ የሚያገኝበትን ቦታ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም በመንገድ ዳር ያለችውን ያችን ክፍል ነው።

አኹን ወላጅ የሚያደርገውን እንመልከት። ልጁን ከዚያ ቤት ጎትቶ ያወጣና ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። ልጁ ሲነጫነጭበት ጊዜ ደግሞ «እንካ፥ ቤትህ ተቀምጠህ ተጫወት» ብሎ የራሱን ስልክ ይሰጠዋል። ልጁም ዝም ይላል። ቤቱ ጸጥ ይላል። እናትና አባት ልጃችን ጨዋ ኾነልን ብለው ለጎረቤት ያወራሉ። እኛ ግን ይህ ጸጥታ ከፕሌይስቴሽን ቤቱ ጫጫታ ይልቅ ያስፈራናል።

የሚያስፈራን በኹለት ምክንያት ነው። አንደኛው፥ በዚያ ጠባብ ክፍል የሚደረገው ጨዋታ ፍጻሜ ያለው መኾኑ ነው። ፊሽካ ይነፋል፥ ውጤቱ ይታያል፥ ኪስ ባዶ ይኾናል፥ ተራ ጠባቂው ተነሥ ይላል። በስልክ ላይ ያለው ትርኢት ግን ፍጻሜ የለውም። ድሮ የኢንተርኔት ገጽ ከታች ያልቅ ነበር፤ የሚቀጥለውን ለማየት የፈለገ ሰው ፈቅዶ መጫን ነበረበት። በ2006 እ.ኤ.አ. አዛ ራስኪን የተባለው አሜሪካዊ ባለሙያ ገጹ ሳያልቅ በጣት እየተገፋ ያለ ማቋረጥ እንዲወርድ የሚያደርግ ዘዴ አወጣ። ይኸው ሰው ቈይቶ የሠራው ሥራ ያስከተለውን ጕዳት ባየ ጊዜ መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ቲክቶክና ሌሎቹም የሚሠሩት በዚህ ዓይነት ነው፤ አንዱ ትርኢት ሳያልቅ ሌላው ይመጣል፥ ልጁም የሚጠግብበት ቦታ አያገኝም። በነጻ የሚሰጡት ጨዋታዎችም ብዙዎቹ በመካከል ማስታወቂያ የሚያሳዩ ናቸው፤ ነጻ የተባለው ነገር ዋጋው የልጁ ጊዜና ዐይን መኾኑን ወላጅ ሊያውቅ ይገባዋል።

ኹለተኛው ምክንያት ከዚህ ይከፋል፤ ይኸውም ልጁ ብቻውን መኾኑ ነው። አባቶቻችን ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይላሉ። በስልኩ ላይ ብቻውን የሚጫወት ልጅ ቢሸነፍ የሚያየው የለም፤ አንድ ጊዜ ነክቶ እንደ ገና ይዠምራል። ቢያሸንፍም እሰየው የሚለው የለም። በዚያች ክፍል ያለው ልጅ ግን ከእርሱ የሚሻል እንዳለ በገሃድ ያያል፤ ቢያታልል ይያዛል፥ ቢቈጣ ይሣቅበታል፥ ቢሸነፍ ማንም ሳይጎትተው ወንበሩን ለቆ ይነሣል። የተከበሩ አንባቢዎቻችን አብዛኛው በመሥሪያ ቤት የሚውሉ፥ ሰው የሚያዝዙና የሚዳኙ ናቸውና፥ ጊዜው ሲደርስ ወንበርን በፈገግታ ለሚቀጥለው ሰው መልቀቅ ምን ያህል ብርቅ የኾነ ትምህርት እንደ ኾነ እኛ ልንነግራቸው አያስፈልግም። ይህን ትምህርት በልጅነቱ ያልተማረ ሰው በሽበቱ አይማረውም።

ይህም ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የቀድሞ መኳንንት ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ ከአውሮፓው ቼዝ የሚለይበት አንድ ደንብ ነበረው። በመዠመሪያ ላይ ተራ መጠበቅ የለም፤ ኹለቱ ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፥ እንደየፍጥነታቸው ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህም ወረራ ይባላል። ከወገን አንዱ ሲማረክ ግን ወረራው ያበቃና በተራ መጫወት ይዠመራል። በ19ኛው መቶ ዓመት በአገራችን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ስለዚህ ጨዋታ ጽፏል። ሰሌዳውም ብዙ ጊዜ በሌላ ቀለም ጥብጣብ አራት ማዕዘን የተሰመረበት ቀይ ጨርቅ ነበር። ገበጣ ደግሞ የመኳንንት ብቻ ሳይኾን የእረኛም ጨዋታ ነው፤ መሬት ላይ ጕድጓድ ቈፍሮ በጠጠር ወይም በፍሬ መጫወት ይቻላልና። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ የሚበልጡ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። ከእነዚህ ከመቶ ከሚበልጡት ኹሉ እኛ የምናውቀው አንድ የጋራ ነገር አላቸው፤ በወዲያ በኩል የሚቀመጥ ሌላ ሰው ይፈልጋሉ።

የዘመኑ ወጣቶችም ይህን አልዘነጉትም። በአዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ገበጣን በስልክ ላይ የሚጫወቱት አድርጎ ሠርቶታል። ከዚያም አስቀድሞ ኩኩሉ የተባለ ጨዋታ አውጥቶ ነበር፤ በእርሱም አንዲት ዶሮ ወጥ ላለመኾን ከአሳዳጇ ትሸሻለች። የበዓል ዋዜማ በየቤቱ የሚታየውን ልጅ ያሣቀ ነገር ወደ መስኮት ማምጣታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው፤ ልጆቻችን የሰው አገር ጦር ሜዳና የሰው አገር ከተማ ብቻ ሲያዩ እንዳያድጉ ይረዳልና። ነገር ግን ገበጣው በስልክ ውስጥ ስለ ገባ ብቻ ገበጣ ኾነ ማለት አይደለም። ታላቅ እኅትና ታናሽ ወንድም ባንድ ስልክ ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው ተራ እየተቀባበሉ ሲጫወቱት ያን ጊዜ ገበጣ ይኾናል።

የጤና ሰዎችም ዝም አላሉም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ኹለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በመስኮት ፊት ባይቀመጥ የተሻለ እንደ ኾነ፥ ከኹለት እስከ አራት ዓመት ያለው ልጅም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፥ ቢያንስም እንደሚሻል አመልክቷል። በዚያው ዓመት የጸደቀውና ከ2022 እ.ኤ.አ. ዠምሮ የሚሠራበት የድርጅቱ የበሽታዎች መዝገብም በእነዚህ ጨዋታዎች ራስን መግዛት አለመቻልን ከሕመም ቍጥር አግብቶታል። ይህ ማለት ግን የሚጫወት ልጅ ኹሉ ታመመ ማለት አይደለም። ምልክቱ ልጁ ማቆም ሲያቅተው፥ ጨዋታውን ከምግቡና ከትምህርቱና ከጓደኞቹ ሲያስቀድም፥ ጕዳቱንም እያየ ሲቀጥልና ይህም ለረዥም ጊዜ ሲጸና ነው። እንዲህ ያለውን ያየ ወላጅ ዱላ ከማንሣት ይልቅ ሐኪም ይጠይቅ።

ደግሞም እውነቱን እንነጋገር። ልጅ የሚማረው ከተነገረው ይልቅ ካየው ነው። አባት ማታ ከመሥሪያ ቤት ተመልሶ መሶቡ ቀርቦ ሳለ በግራ እጁ ቴሌግራም ሲያነብ፥ እናት ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ በስልኳ ትርኢት ስትሥቅ፥ እንግዳ ሰላም ብሎ ሲገባ ቀና የሚል ሲጠፋ፥ ልጁን ስልክህን አስቀምጥ ለማለት የማን አፍ ይደፍራል? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ያሉ አባቶች ባንድ ገበታ ቀርቦ ብቻ ለብቻ መብላት የሚቻልበት ዘመን ይመጣል ብለው አላሰቡም ይኾናል፤ ምሳሌያቸው ግን ለዚህም ይበቃል።

እንግዲህ ምክራችን አጭር ነው። መዠመሪያ፥ ልጅ በስልክም በፕሌይስቴሽንም ሲጫወት ከሰው ጋራ እንዲጫወት እንጂ ብቻውን ተሸሽጎ እንዳይኾን ይደረግ፤ አቅም ያለው ቤተ ሰብ መሣሪያውን በሳሎን ያኑረው፥ የጎረቤትንም ልጅ ይጥራ። ኹለተኛ፥ ጨዋታው መጨረሻ ይኑረው፤ በሰዓት ከመቍጠር ይልቅ ኹለት ጨዋታ ወይም ሦስት ጨዋታ ብሎ መፍቀድ ልጁ ራሱ ጨርሶ እንዲነሣ ያስለምደዋል። ሦስተኛ፥ አባት ወይም እናት ከልጃቸው ጋራ ተቀምጠው ይጫወቱ። አባት በመስኮቱ ኳስ በልጁ አምስት ለባዶ ቢሸነፍ ክብሩ አይቀንስም፤ በፈንታው ልጁን ገበጣ ያስተምረውና ይበቀለው። አራተኛ፥ በየሰፈሩ ያሉት የጨዋታ ቤቶች ከመዘጋት ይልቅ ሥርዐት ይያዝላቸው፤ በትምህርት ሰዓት ልጅ እንዳይገባባቸው፥ ውርርድ እንዳይደረግባቸው፥ በርና መስኮታቸው እንዲከፈት ሽማግሌዎች ከባለቤቶቹ ጋራ ይነጋገሩ። ከኹሉ በላይ ደግሞ ልጅ ጨርቅ ኳስ የሚመታበት ትንሽ ሜዳ በየሕንጻው ሥር ቢተው፥ ስለ ሥልጣናቸው በዚህ ነገር ላይ ቃል ያላቸው አንባቢዎቻችን ከብዙ ምክር የሚበልጥ ሥራ ሠሩ እንላለን።

ቤት ውስጥ የልጆች ጠብና ሣቅ ቢሰማ፥ አንዱ አታለልኸኝ ሲል ሌላው አላታለልሁም ቢል፥ ወላጆች ኾይ፥ ቶሎ ዝም በሉ ለማለት አትቸኵሉ። ሰው ከሰው ጋራ መኖርን የሚማረው በዚያ ጫጫታ ውስጥ ነውና። እግዚአብሔር ልጆቻችንን ያሳድግልን።