ቤትና ኑሮ፦ ግድግዳ ከማስለሰን በፊት ሜትርና እርሳስ

 

ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲጠነክር በከሚሴ፣ በባቲ፣ በሰንበቴና በጨፋ ሮቢት ብዙ አባወራና እማወራ የሚያወጣው የሚያወርደው አንድ ጉዳይ አለ፤ የጭቃ ቤቱን ግድግዳ በሲሚንቶ ማስለሰን። አንዱ ለኢድ፣ ሌላው ለልጁ ኒካሕ፣ ሌላው ደግሞ ዝናብ የበላውን ግድግዳ ለማዳን ይነሣል። ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ ግን ሥራው የሚጀመረው በግምት መሆኑ ነው። «ስንት ይፈጃል?» ተብሎ ግንበኛው ሲጠየቅ ቤቱን በዓይኑ ቃኝቶ አንድ ቁጥር ይጠራል፤ ባለቤቱም ትንሽ ተከራክሮ ይስማማል። ሦስተኛው ግድግዳ ላይ ሲደረስ ሲሚንቶው ያልቃል፣ ገንዘቡም ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጭቅጭቅ ነው። ጎረቤታሞች ተኳርፈው በሽማግሌ የሚታረቁበት ነገር ብዙ ጊዜ በአንድ ሜትርና በአንድ እርሳስ ሊቀር የሚችል ነበር።

በአሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ቤታቸውን በውጭ በኩል የሚያለብሱት ቪኒል ሳይዲንግ በሚባል የፕላስቲክ ልባስ ነው። እዚያም ሒሳቡ የሚጀምረው ከግድግዳው ስፋት ነው፤ ባለሙያዎቹ 100 ካሬ ጫማን፣ ማለትም 9.3 ካሬ ሜትር ያህሉን፣ እንደ አንድ መስፈሪያ ይዘው ይቆጥራሉ። ልባሱ ይለያይ እንጂ ሒሳቡ አንድ ነው፤ ልጆቻችንም በትምህርት ቤት የሚማሩት ነው። ስለዚህ ሜትሩን ለልጆቻችሁ ስጧቸው፤ እነርሱ ይለኩ፣ እናንተ ጻፉ።

ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር፣ የግድግዳው ከፍታ 3 ሜትር የሆነ ቤት እንውሰድ። ዙሪያው 26 ሜትር ነው፤ በ3 ሲባዛ 78 ካሬ ይሆናል። ከጣሪያው ሥር በሁለቱ ጎን ያሉት ባለ ሦስት ማዕዘን ግድግዳዎች 1 ሜትር ከፍታ ቢኖራቸው ሁለቱ ተደምረው 5 ካሬ ናቸው። ሁለት በርና ሦስት መስኮት 7 ካሬ ይወስዳሉ እንበል። እንግዲህ የሚለሰነው 76 ካሬ ነው።

የልስኑ ውፍረት 2 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 1.52 ሜትር ኩብ ቡኮ ያስፈልጋል። የጭቃ ግድግዳ ግን ወጣ ገባ ስለሆነ፣ የሚፈሰውም ስለማይጠፋ፣ አንድ አምስተኛ ጨምሩበት፤ 1.82 ይሆናል። ደረቁ አሸዋና ሲሚንቶ በውሃ ሲቦካ ስለሚያንስ በ1.3 አባዙት፤ ወደ 2.37 ሜትር ኩብ ይደርሳል። አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ ከተባለ የሲሚንቶው ድርሻ 0.47 ሜትር ኩብ ነው። ባለ 50 ኪሎው ከረጢት 35 ሊትር ገደማ ስለሚይዝ 14 ከረጢት ሲሚንቶና 1.9 ሜትር ኩብ አሸዋ ያስፈልጋል ማለት ነው። ለአንድ ከረጢት ከ25 እስከ 30 ሊትር ውሃ ብንይዝ ለቡኮው ብቻ 20 ጀሪካን ያህል ይፈለጋል፤ ግድግዳውን ለማራስ የሚውለው ከዚህ ውጭ ነው።

ሲሚንቶ በጭቃ ላይ ብቻውን አይጨብጥም። ስለዚህ በግድግዳው ላይ የወንፊት ሽቦ በምስማር ይወጠራል፤ ለመደራረቢያው አንድ አሥረኛ ጨምሮ 84 ካሬ ያህል ነው። ለዚህ ሁሉ ዋጋ ስትጠይቁ የዚያን ሳምንት ዋጋ ያዙ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ባለፈው ዓመት ዋጋ ማስላት ራስን ማታለል ነው። የፋብሪካ ዋጋም የከሚሴ ዋጋ አይደለም፤ መጓጓዣ፣ ጫኝና አውራጅ አለበት። በመጨረሻም ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ መጠባበቂያ ይቀመጥ።

ሆኖም ሁሉም ቤት መለሰን አለበት ማለት አይደለም። ቋሚውንና ማገሩን ምስጥ ከበላው፣ በላዩ የሚለጠፍ ሲሚንቶ በሽታን በነጠላ እንደ መሸፈን ነው። እርጥበት ከውስጥ ሲታፈን ልስኑ ይሰነጠቃል፣ ጭቃውም ከኋላው ይፈርሳል። አስቀድሞ የጣሪያው ክዳን ወጣ ብሎ ዝናቡን ከግድግዳው ይራቅ፤ በቤቱ ዙሪያ የውሃ መሄጃ ይቆፈር። አቅም ያነሰው ደግሞ በጤፍ ጭድ በደንብ የቦካ ምርግ በየዓመቱ ቢያስመርግ አያፍርበት፤ አያቶቻችን የኖሩበት ነው። ወይም ዘንድሮ ዝናብ የሚመታውን አንድ ወገን ብቻ አስለስኖ ሌላውን ለከርሞ ማቆየት ይቻላል። ለጎረቤት ዓይን ሲባል በወለድ መበደር ግን ግድግዳን አሳምሮ ቤትን ማፍረስ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በሸሪዓችን የቅጥር ውል፣ ኢጃራህ የምንለው፣ ሥራውም ደመወዙም የታወቀ እንዲሆን ይፈለጋል። ገረር፣ ማለትም ሁለቱንም ወገን ሊጎዳ የሚችል ብዥታ፣ የተጠላው ለዚህ ነው። ግምት ባለቤቱን ብቻ አይጎዳም። ሳይለካ ዝቅተኛ ቁርጥ የተናገረ ግንበኛ መሐል ላይ ሲከስር ወይ ጥሎ ይሄዳል፣ ወይ ከሲሚንቶው ይቀንሳል። ባለቤቱ «ተስማምተሃል» ብሎ ቢይዘው በወረቀት መብቱ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ያ ሰው የልጆቹን እራት ይዞ ነው የሚከስረው። ስለ ሠራተኛ ደመወዝ ከነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የተላለፈውን ማሳሰቢያ ከመካከላችን ያልሰማ የለም።

ስለዚህ እንዲህ ቢደረግ መልካም ነው። ዕቃውን ባለቤቱ ይግዛ፤ የእጅ ዋጋው በካሬ ይሁን። ሁለቱ አብረው ይለኩ። በርና መስኮቱ ይቀነስ ወይስ አይቀነስ የሚለው አስቀድሞ ይነገር፤ የመስኮት ጠርዝ ብዙ እጅ ስለሚፈልግ ግንበኛው «አይቀነስ» ቢል ምክንያት አለው። መወጣጫውን ማን ያቆማል? ውሃውን ማን ያመጣል? ልስኑን ለ7 ቀን ጧትና ማታ ውሃ የሚያጠጣው ማነው? በከሚሴ ፀሐይ ይህ ከተዘነጋ ልስኑ በአንድ ወር ይሰነጠቃል፤ ወቀሳውም በግንበኛው ላይ ይወድቃል። ሁሉም በአንድ ገጽ ይጻፍ፣ ሁለት ምስክር ይፈርም። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ፣ የወረደው ዕዳን ስለ መጻፍና ስለ ማስመስከር መሆኑን እናስተውል። «እንተማመናለን፣ ምን ያስጽፋል?» የሚሉ አሉ። የሚጻፈው መተማመኑ እንዲቆይ ነው።

አሸዋ ለምትሸጡ ወንድሞችም አንድ ቃል አለን። በአንድ ቢያጆ ውስጥ ግማሹን አፈር የሚጭን ሰው ሱረቱል ሙጠፊፊንን ቆም ብሎ ያንብባት። ገዢውም ጥቂት አሸዋ በጠርሙስ ውሃ ውስጥ በጥብጦ ያስቀምጥ፤ አፈሩ ለብቻው ከላይ ሲዘቅጥ በዓይኑ ያየዋል።

አላህ ቤታችንን የሰላም ቤት ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።