ቦስተን ይድረሰን

አንባቢ ሆይ፤ በበረዶ ላይ የሚጫወቱትን ሆኪ የሚወዱ ከሆነ፥ የቶሮንቶው ሜፕል ሊፍስ ደጋፊ እንዳይሆኑ እመክርዎታለሁ፤ እኔስ አንዴ ገብቼበታለሁ። ቡድናችን የስታንሊን ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ የወሰደው በ1967 ነው፤ ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ይያዙልኝ። በጥሎ ማለፉ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል። ቦስተን ግን በ2013፥ በ2018፥ በ2019ና በ2024፥ ሁልጊዜም በሰባተኛው ጨዋታ፥ አሰናብቶናል። ያውም በ2013 4 ለ 1 ስንመራ ቆይተን!

ስለዚህ ወዳጆቼ «ቦስተን ብቻ አይድረሰን» እያሉ ይሳላሉ። እኔ አልስማማም። በ2025 ፍሎሪዳን በጨዋታ 2 ለ 0 ቀድመን፥ በሰባተኛው በገዛ ሜዳችን 6 ለ 1 የተቀጣነው ቦስተን ኖሮ ነውን? ከ2004 ወዲህ መጀመሪያ አንድ ዙር ያለፍነውስ በ2023፥ ሦስት ዓመት በተከታታይ ለፍጻሜ የደረሰውን ታምፓን ጥለን አይደለምን? ይምጣ ቦስተን! ብቻ ሰባተኛ ጨዋታ ከሆነ፥ እኔን ለማየት አይጥሩኝ።