ቃል የገባው ሲሄድ

ስለ ኮንጎ መዳብና ኮባልት ሲወሳ ስማቸው የሚጠራው ግዙፎቹ ኩባንያዎች ናቸው። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ትንሹ ነው።

በሉዋላባ ክፍለ ሀገር የሚገኘውን የካሎንግዌን ፕሮጀክት እንመልከት። ለግንባታ ሲያዘጋጀው የነበረው ንዙሪ ኮፐር የተባለ፣ አክሲዮኑ በአውስትራሊያ ገበያ የሚሸጥ አነስተኛ ኩባንያ ነበር። ቆፍሮ ናሙና አወጣ፤ የአዋጭነት ጥናት አስጠና። በኋላ ግን ኩባንያው ከነፕሮጀክቱ በቻይናው ቼንግቱን ማይኒንግ እጅ ገባ።

ይህ ነውር አይደለም፤ አነስተኛ ኩባንያዎች የሚኖሩት እንዲህ ነው። ተስፋን በጥናት አስደግፈው፣ አቅም ላለው ያስተላልፋሉ። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ በእንዲህ ያለ ዝውውር ለመንደርተኛው የተገባውን ቃል ማን ይረከባል?

መንግሥት ራሱን አይጎዳም። ኮንጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የማዕድን ሕጓን ስታሻሽል በነፃ የምታገኘውን ድርሻ ከ5 ወደ 10 በመቶ አሳደገች፤ የኮባልትንም ሮያሊቲ 10 በመቶ አደረሰች። ኩባንያዎቹ ጮኹ፤ ጩኸታቸው ብዙም አላሳዘነኝም። ሕጉ ለአካባቢው ልማት ከዓመታዊ ሽያጭ ቢያንስ 0.3 በመቶ እንዲሰጥም ያዛል። መልካም! ነገር ግን በዝግጅቱ ዘመን ሽያጭ የት አለ? የዜሮ 0.3 በመቶ ዜሮ ነው። ገበሬው ግን «ዛሬ ነገ ትነሣለህ» እየተባለ ቋሚ ተክል ለመትከል እንኳ ያመነታል።

በአገራችንስ የቱሉ ካፒ ወርቅ እ.ኤ.አ. በ2015 ፈቃድ ካገኘ በኋላ ግንባታው ስንት ዓመት ተጠበቀ?

ስለዚህ ግዴታው ከኩባንያው ስም ጋር ሳይሆን ከፈቃዱ ጋር ይታሰር፤ የካሣውም ገንዘብ ፈቃዱ በሚሰጥበት ዕለት ባንክ ይቀመጥ። ይህን የማይችል ኩባንያ ፈቃዱን ለሚችል ይልቀቅ።