የምስክር ወረቀቱና የልጁ ዕውቀት

በዚህ ወር ለዓምዳችን ከደረሱት ደብዳቤዎች አንዱን ለይተን ልንነጋገርበት ወደድን። ጸሓፊዋ የሁለት ልጆች እናት ናቸው። የዐሥራ ሦስት ዓመት ወንድ ልጃቸው ባለፈው ክረምት በአንድ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ሥልጠና ስምንት ሳምንት ቈይቷል። በመዝጊያውም ቀን የምስክር ወረቀት ተቀብሎ፣ በወለል ላይ የተሣለ ጥቁር መሥመር ተከትላ የምትሄድ ትንሽ መኪና ይዞ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ተመልሷል፤ መኪናይቱ ግን እዚያው ቀርታለች። አሁን ሁለተኛው ዙር ሊጀመር ስለሆነ ክፍያ ተጠይቋል። በቤቱ ያለው ገንዘብ ደግሞ በሒሳብ ወደ ኋላ ለቀረችው ታናሽ እኅቱ ማስጠኛ የተቀመጠው ብቻ ነው። «አባቱ ያመጣው ወረቀት ነው ይላል፤ እኔ ደግሞ የልጄን ደስታ አይቻለሁ፤ ማን ይፍረደን?» ሲሉ ይጠይቁናል።

የልጅ ደስታ የሚናቅ ነገር አይደለም። ያልወደደውን ትምህርት አጥብቆ የሚይዝ ልጅ ጥቂት ነውና። ይሁን እንጂ ደስታው የመዝጊያው በዓል ማማሩን ይመሰክር ይሆናል እንጂ ትምህርቱ መግባቱን አይመሰክርም። እንዲህ ያሉ ሥልጠናዎች የሚያወጡትን መግለጫ ያነበበ ሰው እንደሚያስተውለው፣ ይህን ያህል ወጣት ሠለጠነ፣ ይህን ያህል ኮምፒውተር ታደለ፣ ይህን ያህል ወረቀት ተሰጠ የሚለው ቍጥር ገጹን ይሞላዋል። ይህ ሁሉ አሠልጣኙ ያደረገውን የሚናገር ነው። ልጁ ሲገባ የማይችለው፣ ሲወጣ ግን የሚችለው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ሳይነሣ ይቀራል።

ቢነሣም እንኳ መልሱ ሊያታልል ይችላል። ለዚህም ከጎረቤታችን ከኬንያ የተገኘ ማስረጃ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1990ዎቹ በምዕራብ ኬንያ ሳይንስን፣ ሒሳብን፣ ጤናንና ጂኦግራፊን በሥዕል የሚያስረዱ፣ እየተገለበጡ የሚታዩ ትልልቅ ወረቀቶች ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጡ ነበር። ቀድሞውኑ ሥዕሉ የነበራቸው ትምህርት ቤቶች ከሌላቸው ጋር ሲተያዩ፣ ባለሥዕሎቹ በፈተና በልጠው ተገኙ። ሌላ ሰው ቢሆን «ሥዕሉ ጠቅሟል» ብሎ በዚሁ ባቆመ ነበር። ማይክል ክሬመርና ባልደረቦቹ ግን 178 ትምህርት ቤቶችን ወስደው፣ በሀብታቸው ወይም በብርታታቸው ሳያዳሉ ለሁለት ከፍለው፣ ለግማሾቹ ብቻ ሥዕሉን ሰጥተው ውጤቱን መዘኑ። በሁለቱ ወገን መካከል ሥዕሉ ያመጣው ልዩነት አልታየም። የፊተኛው ብልጫ የመጣው ከሥዕሉ ሳይሆን፣ ሥዕል ለማግኘት የቻለ ትምህርት ቤት በሌላውም ነገር የተሻለ ስለ ነበረ ሳይሆን አይቀርም። ጥናቱ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን፣ ክሬመር እንዲህ ባለው የመመዘን ሥራ በ2019 ከሁለት ሌሎች ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ይህ ነገር ለእኛ ቤት የራቀ አይደለም። ወደ ክረምት ሥልጠና የሚሄደው ልጅ ብዙ ጊዜ ከመሄዱም በፊት ጠያቂ የሆነና ወላጆቹ የሚከታተሉት ልጅ ነው። እርሱን ከጎረቤት ልጅ ጋር አስተያይቶ «ሥልጠናው አበረታው» ማለት የሥዕሎቹን ስሕተት መድገም ነው።

በዚያው በኬንያ መማሪያ መጻሕፍት ታድለው በተመዘኑ ጊዜም በአማካይ ውጤቱ ከፍ አላለም፤ የተጠቀሙት አስቀድመው ብርቱ የነበሩት ተማሪዎች ናቸው። መጻሕፍቱ የተጻፉበት እንግሊዝኛ ለብዙዎቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋ ነበርና። ከአንባቢዎቻችን መካከል በ1997 ዓ.ም. ወይም ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ደረጃ የተማሩት ይህን ሲያነቡ «ፕላዝማው» ትዝ ይላቸው ይሆናል። በደቡብ አፍሪካ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት እየመጣ በክፍሉ ቴሌቪዥን ይታይ ነበር። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥኑ አይጠብቀውም፤ መምህሩም ቢሆን ሊያቆመው አይችልም ነበር። መሣሪያው መተከሉን ማንም ገብቶ ሊያይ ይችል ነበር፤ ልጁ ምን እንደ ያዘ ለማወቅ ግን ልጁን መጠየቅ ያስፈልግ ነበር።

እንግዲህ ኮምፒውተር አይጠቅምም ወደሚል እንዳንቸኵል። በፔሩ በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ላይ በተደረገ ጥናት ላፕቶፕ የታደላቸው ተማሪዎች ከ15 ወር በኋላ በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ካላገኙት አልበለጡም። በህንድ ዋና ከተማ በዴልሂ በ2015 እ.ኤ.አ. የተደረገው ግን ሌላ ነገር አሳየ። በዚያ ከትምህርት ሰዓት ውጪ በኮምፒውተር የሚያስጠኑ ማዕከሎች ነበሩ። 619 ልጆች አስቀድመው ከተፈተኑ በኋላ በነጻ የሚገቡት በዕጣ ተለዩ፤ ስለዚህ የገባውን ካልገባው የሚለየው ዕጣው ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ፈተና የስድስተኛ ክፍል ልጆች በሒሳብ በአማካይ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። ኮምፒውተሩ የክፍላቸውን ትምህርት ትቶ እያንዳንዱን ልጅ ካለበት ደረጃ አንሥቶ ይጠይቀው ጀመር። ከአራት ወር ተኩል በኋላ ዕጣ የወጣላቸው ልጆች የሒሳብ ዕድገት ዕጣ ካልወጣላቸው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ደግሞም ልብ በሉ፤ በትምህርት ቤቱ በራሱ የሒሳብ ፈተና ይህ ለውጥ አልታየም። ፈተናው የስድስተኛ ክፍል ነው፤ ልጁ ግን ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ደረጃ እየወጣ ነበርና።

በቄስ ትምህርት ቤት ያለፉ አንባቢዎች ፈገግ ማለታቸው አይቀርም። የኔታ ፊደሉን ያልለየውን ልጅ ወደ አቡጊዳ፣ ንባቡ ያልቀናለትንም ወደ ዳዊት አያሳልፉም ነበር፤ እያንዳንዱም ልጅ ለብቻው ቀርቦ ይሰማ ነበር። (ያነበነበ ሁሉ ምሥጢሩ ገብቶታል ማለታችን አይደለም፤ በዚህ በኩል የኔታም ይታሙ ነበር።)

ወደ ደብዳቤዋ ጸሓፊ እንመለስ። ለእኅታችን በመጀመሪያ የጻፍንላቸው መልስ፣ ልጁን ስለ መኪናይቱ እንዲጠይቁት ነበር። መኪናይቱ ከሥሯ ግራና ቀኝ ብርሃን የሚለዩ ሁለት ትንንሽ ዓይኖች አሏት። ነጭ ወለል ብርሃኑን ይመልሰዋል፤ ጥቁሩ መሥመር ይውጠዋል። የቀኙ ዓይን ጥቁር ሲያገኝ የቀኙ ጎማ ይዘገያል፤ መኪናይቱም ወደ ቀኝ ትዞራለች። ይህን የተረዳ ልጅ «ወለሉ ጥቁር፣ መሥመሩ ነጭ ቢሆንስ?» ቢባል ሊመልስ ይገባዋል። ሥልጠናውን ለሚሰጡትም፣ ልጆቹ ሲገቡ ምን ይችሉ እንደ ነበር የተመዘገበ ነገር እንዳለ ይጠይቋቸው አልናቸው።

እኅታችን በሁለተኛው ደብዳቤያቸው እንደ ገለጹልን፣ አሠልጣኞቹ ያሳዩዋቸው የመገኘት መዝገብ ብቻ ነው። ልጁ ደግሞ በመጀመሪያ «መምህራችን ያዘጋጀውን ትእዛዝ ጫንነው እንጂ እኔ አልጻፍሁትም» አለ። ወረቀትና እርሳስ ይዞ አመሸ፤ በማግሥቱም ቁርስ ላይ «ትእዛዙ መገልበጥ አለበት፤ ነጭ ያየው ዓይን ነው ጎማውን የሚያዘገየው» ብሎ መለሰ። ይህን ያገኘው ከሥልጠናው ይሁን ከዚያች ሌሊት እኛ ልንለይ አንችልም። ልጁ ግን የሚያስብ ልጅ ነው።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ገንዘቡ በዚህ ወቅት ለእኅቱ ይዋል። የልጁ ሁለተኛ ዙር፣ አሠልጣኞቹ ልጆችን ሲገቡና ሲወጡ መፈተን እስኪጀምሩ፣ ትእዛዙንም ልጁ ራሱ እንዲጽፍ እስኪያደርጉ ቢቈይ ይሻላል፤ እስከዚያው በወረቀትና በእርሳስ የሚሠራው አያጣም። የልጅቱ አስጠኚም ከዚህ ሚዛን አያመልጥም። ዛሬ፣ ማስጠናቱ ሳይጀመር፣ ከምታውቀው ደረጃ ጀምሮ እየከበደ የሚሄድ ዐሥር የክፍልፋይ ጥያቄ ይስጧት፤ አይርዷት፣ አይቈጧትም። ወረቀቱን ቀኑን ጽፈው በአንድ መጽሐፍ መካከል ያስቀምጡት፤ ከሁለት ወር በኋላ በቍጥሩ ብቻ የሚለይ ሌላ ዐሥር ጥያቄ ሰጥተው ሁለቱን ጎን ለጎን ያስተያዩት።